ዛይሊቶል ለልጆች ጥርስና ስኳር ላለባቸው እናት
እህቴ፣ ከውጭ የተላከልሽ ዛይሊቶል (በስኳር ፈንታ የሚገባ ማጣፈጫ) ለልጆችሽ ጥርስ ይጠቅም እንደሆነ፣ ስኳር ያለባቸው እናትሽም ሻያቸው ውስጥ ሊያደርጉት ይችሉ እንደሆነ ጠይቀሻል። እኛ ቤት፣ አዘዞ፣ ከገባ ቆይቷል። የልጄ መንጋጋ ጥርስ ተቦርቡሮ ሌሊት ሲያለቅስ ካየሁ በኋላ ነው ነገሩን የምር የተከታተልኩት።

ለጥርስ በእርግጥ ይጠቅማል። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያወጣሉ፤ ጥርሱን የሚቦረቡረው ይሄ አሲድ ነው። ዛይሊቶልን ግን ወደ አሲድ መቀየር አይችሉም። በማስቲካ መልክ ሲታኘክ ደግሞ ምራቅ ይበዛል፣ አሲዱም ይታጠባል። ፊንላንዶች ቱርኩ ከተማ ውስጥ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሰፊ ጥናት አድርገውበታል። በኋላም ማስቲካውን አዘውትረው የሚያኝኩ ሕፃናት ላይ የጆሮ ኢንፌክሽን እንደሚቀንስ አይተዋል።

እስቲ የእኛን አኗኗር አስቢው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን በየሲኒው ስኳር እናደርጋለን። ልጆቹም አጠገባችን ሻይ በዳቦ ይዘው ይቀመጣሉ። ጥርስን የሚጎዳው የስኳሩ ብዛት ብቻ አይደለም፣ መደጋገሙም ነው። አንዱ አሲድ ሳይጠፋ ሌላው ይጨመራል። ለዚህ ነው እኔ ማስቲካውን ከምግብና ከቡና በኋላ የማስታኝካቸው። ለጥርስ የሚመከረው በቀን ከ5 እስከ 10 ግራም ነው፣ ሦስት ጊዜ ያህል ተከፋፍሎ። ማሸጊያውን አንብቢ፤ ዛይሊቶል ከዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ካልተጻፈ ውስጡ ያለው ጥቂት ነው። ፒያሳ ሱቆች ያየሁት ማስቲካ አብዛኛው ተራ ስኳር ያለው ነው። በጣም ትንንሾቹን ደግሞ ሊያንቃቸው ስለሚችል ለእነሱ አትስጪ።

ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና ግን አይተካም። ማታ ሳይቦርሹ እንዳይተኙ፣ አደራ።

ወደ እናትሽ ልምጣ። ጣፋጭነቱ ከስኳር እኩል ነው፤ ካሎሪው ግን ያነሰ ነው፣ በግራም 2.4 ገደማ። የደም ስኳርንም ብዙ ከፍ አያደርግም። ሆኖም በየሻዩ ማንኪያ ሙሉ መጨመሩን አልወደውም። ሲበዛ ሆድ ይነፋል፣ ተቅማጥም ያመጣል። በ2024 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ በደማቸው ውስጥ ዛይሊቶል የበዛባቸው ሰዎች ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ በርክቶ አግኝቷል። ምክንያቱ እሱ መሆኑ አልተረጋገጠም። ቢሆንም እናትሽ ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለባቸው አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ። መድኃኒታቸውንም በራሳቸው እንዳይቀንሱ። ከሁሉ የሚሻለው የሻዩን ጣፋጭነት ቀስ በቀስ መቀነስ ነው፤ ምላስ ይለምዳል።

ዳቦ ለመድፋት አትሞክሪው፣ እርሾ አይበላውም፣ ሊጡ በደንብ አይነሳም።

ግቢሽ ውስጥ ውሻ ካለ ደግሞ በጣም ተጠንቀቂ። ለእኛ ምንም የማይሆነው መጠን የውሻን የደም ስኳር በድንገት ያወርደዋል፣ ጉበቱንም ይጎዳል፣ ሊገድለውም ይችላል። ልጆቹ ማስቲካውን ግቢ ውስጥ እንዳይጥሉ ንገሪያቸው፣ ዱቄቱንም ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀምጪው።