«አብ ሆይ፣ ስለ እኔ ተሰቅለህ» ይባላልን?

ጥያቄ፦ ስጸልይ «አብ ሆይ፣ ስለ እኔ ስለ ተሰቀልህ አመሰግንሃለሁ» እላለሁ። ጓደኛዬ ሰምታ «አብ አልተሰቀለም፤ ክርስቶስንም አባት አትበይው» አለችኝ። ጌታ «እኔና አብ አንድ ነን» ካለ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ጓደኛሽ በመጀመሪያው ልክ ናት፤ በሁለተኛው ግን ተሳስታለች።

የጠቀስሽውን ቃል (ዮሐ 10፥30) ቀስ ብለሽ አንብቢው። ጌታ «አንድ ነኝ» አላለም፤ «አንድ ነን» አለ። «አንድ» ሲል ባሕርይን (ምንነትን)፣ «ነን» ሲል አካላትን (ማንነትን) ይነግረናል። መናፍቁ አርዮስ «አንድ» የሚለውን ቢያስተውል ወልድን ፍጡር ባላለው ነበር፤ በ325 ዓ.ም. በኒቅያ ጉባኤ 318ቱ አባቶች እርሱን ያወገዙትም በዚሁ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው መናፍቅ ሰባልዮስ ደግሞ «ነን» የሚለውን ቢያስተውል ሦስቱን አንድ አካል ባላደረገ ነበር። ሁለት ቁጥር ከፍ ብትዪ በጎቹን ከወልድ እጅ የሚነጥቅ የለም፣ ከአብም እጅ የሚነጥቅ የለም ይላል። አይሁድ ሊወግሩት ድንጋይ ያነሡት ነገሩ የሐሳብ ስምምነት ብቻ እንዳልሆነ ስለገባቸው ነው።

ብዙ ምእመናን የሚሰናከሉት ግን በሰባልዮስ በኩል ነው፤ ያውም ሳያውቁት። «አንድ ሰው ለልጁ አባት፣ ለሚስቱ ባል፣ ለሠራተኛው አለቃ ይባል የለም?» ይላሉ። ይህን ምሳሌ ለልጆች እንኳ አታስተምሪው። ያ ሰው ሦስት መጠሪያ እንጂ ሦስት አካል የለውም። በዮርዳኖስ ወልድ ከውኃው ሲወጣ አብ ከሰማይ «በእርሱ ደስ የሚለኝ የምወደው ልጄ ይህ ነው» አለ (ማቴ 3፥17)። ስለ ራሱ ነው የተናገረው? በጌቴሴማኒስ ወልድ የጸለየውስ ወደ ማን ነው?

የፀሐይ ምሳሌ ይሻላል፦ ክበቡ፣ ብርሃኑ፣ ሙቀቱ። ብርሃኑ በመስኮት ሲዘልቅ «ፀሐይ ገባ» እንላለን፤ ክበቡ ግን ከሰማይ አልወረደም። እንዲሁ ወልድ ሰው ሲሆን አምላክ ሰው ሆነ እንላለን፤ አብ ሰው ሆነ ግን አንልም። ምሳሌው የሚጎድለው፣ ብርሃን የራሱ አካል የለውም፤ ወልድ ግን ፍጹም አካል አለው።

ሰው የሆነው በአባቱ ፈቃድ፣ በራሱ ፈቃድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ፈቃድ ነው። ፈቃዱ አንድ ሲሆን ሥጋን የተዋሐደው ግን በተለየ አካሉ ወልድ ብቻ ነው፤ የተሰቀለውም በዚሁ በተዋሐደው ሥጋ ነው። ስለዚህ አብን «አንድያ ልጅህን ስለ ሰጠኸን» ብለሽ አመስግኚ (ዮሐ 3፥16)። አብ ተሰቀለ ካልሽ ሰጪውና የተሰጠው ይምታቱብሻል። ስለ መስቀሉ ስታመሰግኚ ወልድን ጥሪ፤ በየዕለቱ «ቅዱስ ሕያው ዘኢይመውት» (የማይሞት ሕያው ቅዱስ) ብለሽ «ወተሰቅለ ዲበ ዕፀ መስቀል» (በመስቀል እንጨት ላይ የተሰቀለ) ስትዪ የምትጠሪው እርሱን ነው። እስከ ዛሬ ያልሽውን እያሰብሽ ግን አትጨነቂ፤ ልብሽን የሚያውቅ አምላክ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ አስተካክለሽ በዪ።

ለጓደኛሽ ደግሞ ይህን ንገሪያት። «አብ» የአካል ስም ነው፤ ለወልድ አይሰጥም። «አባት» ግን ስለ ፈጠረንና ስለሚመግበን ሲባል ለሦስቱም ይነገራል። ነቢዩ ኢሳይያስ የሚወለደውን ሕፃን «የዘላለም አባት» ብሎታል (9፥6)። «አባቴ መድኃኔዓለም» እያሉ የሚማፀኑት እናቶቻችን ከነቢዩ ጋር ናቸው፤ አንቺም ሳትፈሪ በዪው።