በጽሑፍ ፈተና አንደኛ ወጥቼ በቃለ መጠይቅ ብወድቅስ?

ጥያቄውን የላከችልን እህታችን የመንዝ ልጅ ናት። በሰሜን ሸዋ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተወዳድራለች። ማስታወቂያው «ፈተና፦ በጽሑፍ» ይላል። ውጤቱ ሲለጠፍ አንደኛ ነበረች። ከዚያ ተደውሎ «ቃለ መጠይቅ አለ፣ ነገ ጠዋት ነይ» ተባለች። ገብታ እንደተቀመጠች «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ጀመሩ። ቀጥለው «ልጅ አለሽ? ስትወልጂ ማን ይተካሻል?» አሏት። ስለ ፋይል አያያዝ አንድም ጥያቄ አልመጣም። በመጨረሻ የተለጠፈው የአሸናፊውና የተጠባባቂው ስም ብቻ ነው፤ ነጥብ የለውም። ደብረ ብርሃን ወደ ዞኑ ሲቪል ሰርቪስ ብትሄድ «አይመለከተንም» አሏት። «ይሄ ሕጋዊ ነው? የትስ ልሂድ?» ትላለች።

እህቴ፣ ቃለ መጠይቅ በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም። አቤቱታሽን «ለምን ቃለ መጠይቅ ተደረገ» ብለሽ ከጀመርሽው በር ላይ ይወድቃል። ጠንካራው ነጥብሽ ሌላ ነው። በማስታወቂያው ያልተነገረ ፈተና፣ የጽሑፉ ውጤት ከታወቀ በኋላ ተጨመረ። ስንት ከመቶ እንደሚይዝ ማንም አልነገረሽም። የመንግሥት ሥራ የሚያዘው በችሎታ ተወዳድሮ በመብለጥ ነው። መብለጥ ደግሞ የሚታወቀው መለኪያው አስቀድሞ ሲነገርና ለሁሉም እኩል ሲሆን ነው።

የልጅ ጥያቄውን በቀላሉ አትለፊው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር ላይ እኩል መብት እንዳላቸው በግልጽ ይናገራል። ወንዶቹ ተወዳዳሪዎች ይህን ተጠይቀው እንደሆነ አጣሪ። «የማን ልጅ ነሽ» የሚለውም ፋይል ለማስቀመጥ ምን ይረዳል? እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ሌሊት ሙሉ አጥንታ የመጣች ልጅ በአባቷ ስም ልትመዘን አይገባም።

የጽሑፍ ፈተናም ቢሆን ለሁሉም መደብ አይሆንም። ለወጥ ሠሪ ሦስት ገጽ ፈተና ማውጣት ግፍ ነው፤ ምድጃ ፊት ቆማ ትፈተን። ጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ ትጻፍ፣ ኤሌክትሪሻኑ መስመር ይዘርጋ። በእኔ እምነት ለድጋፍ ሰጪ ሠራተኛ ከሁለቱም የሚሻለው የተግባር ፈተና ነው።

አሁን ወዴት? ዞኑ የመለሰሽ ልክ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሰሜን ሸዋ ይሁን እንጂ ተጠሪነቱ ለፌዴራል ነው። የአስተዳደር ሠራተኞቹም የሚተዳደሩት በፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው፤ ቀድሞ አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ነበር፣ አሁን በ1353/2017 ተተክቷል።

መጀመሪያ ማስታወቂያውንና የተለጠፉትን ውጤቶች በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ከሰሌዳ ከወረዱ በኋላ ማግኘት ከባድ ነው። የተጠየቅሽውን ሁሉ ቃል በቃል፣ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ዛሬውኑ ጻፊ። ከዚያ ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍሉ፣ ግልባጭ ለፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት፣ የራስሽን የጽሑፍና የቃል ነጥብ፣ የመመዘኛ መስፈርቱንና ቃለ መጠይቁ እንዲጨመር የተወሰነበትን ቃለ ጉባኤ ጠይቂ። የሌሎችን ነጥብ «የግል መረጃ ነው» ሊሉሽ ይችላሉ፤ የራስሽን ግን ለመከልከል ምክንያት የላቸውም። አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካል ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ደብዳቤሽን በእጅ ሰጥተሽ ብቻ አትመለሺ። መዝገብ ቤት ገቢ ይሁን፤ ቁጥርና ቀን የሰፈረበትን ቅጂ ያዢ። ያለዚያ «አልደረሰንም» ይመጣል።

መልስ ከነሱሽ ወይም መልሱ ካላረካሽ ለፌዴራል ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን አመልክቺ። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አለ፤ አቤቱታ ለማቅረብ ክፍያ የለውም። ተቋሙ የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ እንደ ፍርድ ቤት አይፈርድም። የምትጠይቂው መፍትሔ ግልጽ ይሁን፦ ውጤቱ በማስታወቂያው መሠረት በጽሑፍ ፈተናው ይወሰን፣ ካልሆነ ውድድሩ መለኪያው ታውቆ ይደገም።

አትዘግዪ፤ አሸናፊው ሥራ ከጀመረ በኋላ ነገሩ ይከብዳል። ደብዳቤውን ከማስገባትሽ በፊት ረቂቁን ብትልኪልኝ አየዋለሁ።