አዳማ ተቀምጦ የበረዶ ውድድር ማየት፦ ጋሽ ታዴን ጠይቁ

መቅደስ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሚላኖ ኮርቲና የክረምት ኦሊምፒክ ጥር 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ይጀምራል፣ የካቲት 15 ያልቃል። «ቤቴ ሆኜ በምን ልየው?» የሚል ጥያቄ ስለበዛ ዛሬ ማታ ጋሽ ታዴን ለምነን አስቀምጠናቸዋል። አዳማ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ጣሪያ ላይ ወጥተው ዲሽ ሲያስተካክሉ የኖሩ ሰው ናቸው። የበረዶ ስፖርት ደግሞ ሱሳቸው ነው። በሉ፣ ጠይቁ።

ጋሽ ታዴ፦ እንደምን አመሻችሁ። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ልበል። ስትጠይቁ የዲሻችሁን ስፋት፣ የሪሲቨራችሁን ስምና ሲግናሉ ስንት ፐርሰንት እንደሚል ጻፉ። «አይሠራም» ብቻ ብሎ ለሚጽፍ ሰው መልስ የለኝም። ሁለተኛ፣ «ዓመቱን ሙሉ ሁሉንም ቻናል የሚከፍት ሰርቨር»፣ ማለትም የክፍያ ቻናሎችን በስርቆት የሚከፍት ነገር፣ የሚሸጥ ሰው ከመጣባችሁ አትግዙ። ዛሬ ይህን ደጋግሜ እለዋለሁ፣ አትሰልቹኝ።

አቤል፦ ጋሼ፣ እኔ ኬብል ቲቪ የለኝም። ማየት እችላለሁ?

ጋሽ ታዴ፦ ኬብል ቲቪ የማን ቤት አይተህ ነው? እሱ የአሜሪካ ወሬ ነው። እኛ ቴሌቪዥን የምናየው በዲሽ ነው። አንተ ቤት ያለው ኬብል ከሳህኑ ወደ ሪሲቨሩ የሚወርደው ገመድ ነው። እሱም ከሌለህ ሌላ ችግር አለብህ ማለት ነው።

ሄለን፦ እኛ ቤት ናይልሳትም ኢትዮሳትም አለ። የትኛው ላይ ነው የሚመጣው?

ጋሽ ታዴ፦ ጥሩ ጥያቄ። «የክረምት ኦሊምፒክ ቻናል» የሚባል ነገር በየትኛውም ላይ የለም። የማስተላለፍ መብት የሚሸጠው በየአገሩ፣ በየክልሉ ነው። መብቱን የገዛ ጣቢያ ያሳያል። ያልገዛ ጣቢያ ዜናው ላይ አንድ ደቂቃ አሳይቶ ያልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የምታጣሩት ዲሹን ሳይሆን ማን እንደገዛ ነው።

አሁን ወደ ዲሹ እንምጣ። ናይልሳት ያለው 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው። አዳማ ላይ ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ ምዕራብ ካዞራችሁ በኋላ ከአድማሱ 36 ዲግሪ ገደማ ቀና ስትሉ እዚያ ነው። ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። እሱን ፍለጋ ወደ ምሥራቅ ዞራችሁ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላችሁ፣ 67 ዲግሪ ያህል ሽቅብ ማየት አለባችሁ። ክፍያ የሚጠይቀው ዲኤስቲቪ ደግሞ 36 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። እሱ ከእኛ አናት ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ ሳህኑን ስታዩት ዝናብ የሚለምን ይመስላል። እንግዲህ ሦስቱም ሦስት ቦታ ናቸው። ጎረቤቴ ሲያስተካክል አይቻለሁ ብላችሁ የናይልሳቱን ሳህን በእጃችሁ ገፋ ገፋ እያደረጋችሁ ኢትዮሳት አትፈልጉ።

ሳሙኤል፦ ጋሼ የኔ አይሠራም።

ጋሽ ታዴ፦ ቀጥሎ።

ዮናስ፦ የጀርመኖቹ ዜድዲኤፍና ኤአርዲ የበረዶ ስፖርት በነፃ ያሳያሉ አሉ። አስትራ ላይ ናቸው። ፍሪኩዌንሲውን ይስጡኝ። ዲሼ 90 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ሲግናል ዜሮ ፐርሰንት።

ጋሽ ታዴ፦ ተባረክ፣ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። የነገሩህ እውነት ነው። እነዚያ ሁለት ጣቢያዎች ቅዳሜና እሑድ ከጠዋት እስከ ማታ በረዶ ነው የሚያሳዩት። አስትራ 19.2 ዲግሪ ምሥራቅ ላይም ያለ ኮድ ይለቀቃሉ። ችግሩ ሌላ ነው። ሳተላይት እንደ ፀሐይ ለሁሉም አያበራም፣ እንደ ባትሪ ነው። ባትሪውን ወደ አውሮፓ ነው ያዞሩት። ሳተላይቱ ከአዳማ አቅጣጫ ሰማይ ላይ አለ፣ ጨረሩ ግን ለቤት ሳህን በሚበቃ አቅም እኛ ጋ አይደርስም። ፍሪኩዌንሲውን ብሰጥህም ዜሮ ፐርሰንቱ ዜሮ ነው። «አስትራን በ90 አስገባልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበልህ ባለሙያ ካለ፣ ሰርቨር ሊጭንብህ ነው። ሰርቨር ደግሞ አትግዙ ብያለሁ።

ቢንያም፦ ለምንድነው ሰርቨር የሚጠሉት? እኔ ሁለት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ።

ጋሽ ታዴ፦ ሁለት ዓመት ሙሉ ሠራልህ?

ቢንያም፦ አልፎ አልፎ ይቆራረጣል።

ጋሽ ታዴ፦ መቼ መቼ?

ቢንያም፦ ትልቅ ጨዋታ ሲኖር።

ጋሽ ታዴ፦ ሌላ መቼ ልትፈልገው ነበር? አንድ ደንበኛዬ ለልጆቹ ብሎ የአንድ ዓመት ከፍሎ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጠፋ። የሸጠለት ሰው ስልክ አያነሳም። እኔን ጠርቶ «ዲሹ ተበላሽቷል» አለኝ። ጣሪያ ወጣሁ፣ ዲሹ ደኅና ነው፤ የሌለው ሰርቨሩ ነው። የተሰረቀ ዕቃ ገዝተህ ለማን ትከሳለህ?

ሳሙኤል፦ ጋሼ ቅድም ጠይቄ ነበር። አይሠራም።

ጋሽ ታዴ፦ ምኑ ነው የማይሠራው፣ የኔ ልጅ? ቴሌቪዥኑ? መብራቱ? ሪሲቨሩ? ስፋት፣ ስም፣ ፐርሰንት። ሦስት ነገር።

ትዕግስት፦ እስቲ እኔም ልጠይቅ። በጥር ወር «ክረምት» ኦሊምፒክ ምን ማለት ነው? ክረምት ሐምሌና ነሐሴ አይደለም?

ዳንኤል፦ የፈረንጅ ክረምት ነው እህቴ። ትክክለኛው ስም ግን የአመዳይ ኦሊምፒክ ነው መሆን ያለበት። በረዶ ማለት ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው እንጂ እነሱ የሚንሸራተቱበት አይደለም።

ትዕግስት፦ አመዳይ ውርጭ አይደለም እንዴ? ጠዋት ደጋ ላይ ሣሩን የሚያነጣው።

ዳንኤል፦ ሁለቱንም ነው።

ብሩክ፦ ሁለቱንም ከሆነማ በረዶም ሦስቱንም ነው። ዳሸን ላይ የሚጥለውን የአገሩ ሰው ምን ይለዋል?

ዳንኤል፦ እኔ አዳማ ነው ያደግኩት፣ ምን አውቃለሁ።

መቅደስ፦ ወደ ዲሹ እንመለስ፣ እባካችሁ።

ጋሽ ታዴ፦ በረዶ በሉት፣ ይበቃል። ነገሩ ያው ነው።

ሰላማዊት፦ ያለ ዲሽ፣ በኢንተርኔት ብቻ ማየት ለሚፈልግስ? ዋይፋይ የለኝም፣ በሞባይል ዳታ ነው።

ጋሽ ታዴ፦ ይቻላል። መጀመሪያ ኦሊምፒክስ ዶት ኮም ግቢ። ቀጥታ ስርጭቱ በየአገሩ የመብት ባለቤት ስለሚለያይ ቃል አልገባልሽም፣ የቀድሞ ውድድሮች ግን ብዙ አሉበት። ከኦሊምፒክ ውጪ ባለው ጊዜ ዩቲዩብን አትናቂ። የቦብስሌዩ ፌዴሬሽንና የሉዡ ፌዴሬሽን ውድድሮቻቸውን በራሳቸው ቻናል ቀጥታ ያስተላልፋሉ። እነዚያ በበረዶ ቦይ ውስጥ በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ የሚወርዱት ናቸው። በክፍያ ቻናል ብቻ የሚታይ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው።

ዳታውን በተመለከተ፣ በ720 ጥራት አንድ ሰዓት ከአንድ ጊጋባይት በላይ ይበላል። በ480 ግማሹን ያህል። ስልክ ላይ ከሆነ 360 ይበቃሻል። ጥራቱን «አውቶ» ላይ አትተይው፤ ኔትወርኩ ጥሩ በሆነ ቁጥር ራሱ ከፍ እያደረገ ፓኬጅሽን ይጨርሳል። የምታይውንም ምረጪ። የ50 ኪሎ ሜትሩ አገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ዘንድሮ ሴቶቹም እንደ ወንዶቹ 50 ነው የሚሮጡት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ። ዳታ ካነሰሽ ግን ቢያትሎንን እይ።

አቤል፦ ቢያትሎን ምንድነው?

መቅደስ፦ አቤል፣ አሁን ማታችን አለቀ።

ጋሽ ታዴ፦ ይለቅ። ቢያትሎን በበረዶ ሸርተቴ መሮጥና ተኩስ ነው። ተወዳዳሪው ከ3 ኪሎ ተኩል የማያንስ ጠመንጃ በጀርባው አዝሎ ዳገት ይወጣል። ከዚያ ልቡ ድው ድው እያለ ይቆምና 50 ሜትር ላይ ያሉ አምስት ኢላማዎችን ይተኩሳል። ተኝቶ ከሆነ መምታት ያለበት ክብ 45 ሚሊ ሜትር ነው፣ ቆሞ ከሆነ 115። አንድ በሳተ ቁጥር 150 ሜትር የቅጣት ዙር ይዞራል። በወንዶቹ 20 ኪሎ ሜትር ደግሞ ዙር የለም፣ ለእያንዳንዱ ስህተት አንድ ደቂቃ ይጨመርበታል። አንድ ደቂቃ! የእኛ ልጆች በ10,000 ሜትር መጨረሻ ላይ ስንት ሰከንድ ነው የሚለያዩት? ፈጣኑ ሰው አንዲት ጥይት ስቶ ቁጭ ሲል፣ ቀርፋፋው ረጋ ብሎ ሃያውን መትቶ ሲያሸንፍ ታያላችሁ። እንዲህ ያለ ስፖርት የለም።

ውድድሩ ጣሊያን ውስጥ አንተርሴልቫ የሚባል ቦታ ነው። ከፍታው 1,600 ሜትር ገደማ ነው። ከአዳማ ብዙ አይርቅም! እኛ በዚህ ከፍታ ጥላ ፍለጋ እንሮጣለን፣ እነሱ በረዶ ላይ ናቸው። እኛ ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ ተኩል ሰሜን ላይ ነን፣ እነሱ 47 ገደማ ላይ። ለእኔ ቴሌቪዥን ማለት ይኼ ነው። ደጅ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ እኔ ቤት ውስጥ ሰው ሲበርደው አያለሁ።

ሰላማዊት፦ አመሰግናለሁ ጋሼ። የጠየቅኩት ስለ ዳታ ነበር።

ሃና፦ የፊገር ስኬቲንግስ? እኔ የምወደው እሱን ነው።

ጋሽ ታዴ፦ እሱን አላይም። ልጄ ታያለች፣ እሷ ትመልስ።

የጋሽ ታዴ ልጅ፦ አባዬ ስልኩን ሰጥቶኛል። ሃናዬ፣ የዓለም አቀፉ ስኬቲንግ ማኅበር የታዳጊዎቹን ግራንድ ፕሪ በዩቲዩብ በነፃ ያሳያል። የነገዎቹን ኮከቦች ቀድመሽ ታያቸዋለሽ። የአዋቂዎቹ እንደየአገሩ ይዘጋል። ኢሊያ ማሊኒን እንዳያመልጥሽ። አራት ዙር ተኩል አየር ላይ የሚሽከረከረውን ዝላይ በውድድር ላይ መጀመሪያ ያሳካው እሱ ነው፣ 2022 ላይ። አባዬ «ዳንስ ነው» ይላል፣ አትስሙት።

ጋሽ ታዴ፦ ዳንስ ነው።

ቢንያም፦ ቪፒኤን ተጠቅመን የሌላ አገር ስርጭት ብናይስ?

ጋሽ ታዴ፦ እኔ ዲሽ ሠሪ ነኝ። ቀጥሎ።

ብሩክ፦ ሰዓቱ ግራ ገባኝ። ፕሮግራሙ በጣሊያን ሰዓት ነው የተጻፈው።

ጋሽ ታዴ፦ ከጣሊያኑ ሰዓት ላይ 4 ቀንስ፣ የእኛ ሰዓት ይወጣልሃል። 14:30 ካለ ለእኛ ከቀኑ 10:30 ነው። ከ12 ከበለጠ 12 ቀንስ፦ ከ20:00 ላይ 4 ሲቀነስ 16፣ እሱም ከምሽቱ 4 ሰዓት። ይህ ለክረምታቸው ብቻ ነው። በበጋቸው ሰዓታቸውን ስለሚገፉ 5 ትቀንሳለህ።

ዮናስ፦ ኢትዮጵያ በዚህ ኦሊምፒክ ተሳትፋ ታውቃለች?

ጋሽ ታዴ፦ አታውቅም እንዴ? ቱሪን፣ በፈረንጆች 2006። ሮቤል ተክለማርያም። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ልጅ ነው። በ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ተወዳደረ። ባንዲራውን ይዞ ብቻውን ገባ። ቫንኩቨር 2010 ላይም ተመልሶ መጣ። እኔ ይህን ስፖርት መከታተል የጀመርኩት በእሱ ነው።

ዮናስ፦ ስንተኛ ወጣ?

ጋሽ ታዴ፦ ጨረሰ።

ዳንኤል፦ ኤርትራም ነበረች። ሻነን አቤዳ፣ 2018ም 2022ም፣ በቁልቁለት ሸርተቴ።

ሄለን፦ ጋሼ፣ እኛ ቤት ማታ ማታ ደኅና ሆኖ ከሰዓት በኋላ ሥዕሉ ይቆራረጣል። ናይልሳት፣ 90 ሳንቲ ሜትር። 70 የነበረው ፐርሰንት 30 ይሆናል።

ጋሽ ታዴ፦ የት ነሽ?

ሄለን፦ ቦኩ አካባቢ።

ጋሽ ታዴ፦ ገባኝ። ነፋስ ነው። እዚያ ዳር ያሉት የነፋስ ተርባይኖች ለጌጥ የቆሙ መሰለሽ? አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት ነው። ያን የሚያሽከረክር ነፋስ ያንቺን ሳህን ይተወዋል? ውድድሩ የሚደረገው ደግሞ ነፋሳችን በሚበረታበት ወቅት ነው። ሳህኑ አንድ ዲግሪ ከዞረ ሲግናሉ ይሄዳል። ሪሲቨሩን እንዳትነኪው። ስካን እንዳታደርጊ። «ፋክተሪ ሪሴት» የሚለውንማ እንዳታስቢው። የ13 ቁልፍ ያለው ሰው ጣሪያ ላይ ይውጣና ከምሰሶው ጋር የሚያስረውን ብሎን ያጥብቅ። ምሰሶው ራሱ ከተነቃነቀ በሽቦ ወደ ሦስት አቅጣጫ ይወጠር። ነፋስ ባለበት ሰዓት ግን ማንም ጣሪያ ላይ እንዳይወጣ። ጠዋት ይሁን። ይህን የምለው ወድቄ ስለማውቅ ነው።

ቢንያም፦ ሰርቨር ነፋስ አይነካውም።

ጋሽ ታዴ፦ መቅደስ፣ ይህን ልጅ አስወጪልኝ።

ሳሙኤል፦ ጋሼ እሺ ጻፍኩት። ዲሹ 90 ነው። የናይልሳት ፍሪኩዌንሲ ሃያ ጊዜ አስገብቻለሁ፣ ፐርሰንቱ ዜሮ ነው። የአገር ውስጥ ቻናሎች ግን በደንብ ይታያሉ።

ጋሽ ታዴ፦ የአገር ውስጦቹ ይታያሉ?

ሳሙኤል፦ ሁሉም። ጥርት ብለው።

ጋሽ ታዴ፦ ጣሪያህ ላይ ስንት ሳህን አለ?

ሳሙኤል፦ አንድ።

ጋሽ ታዴ፦ ወዴት ነው የሚያየው?

ሳሙኤል፦ ጠዋት ፀሐይ ወደምትወጣበት። ወደ ላይ ቀና ብሎ።

ጋሽ ታዴ፦ እሱ ኢትዮሳት ነው፣ የኔ ልጅ። ለናይልሳት ጀርባውን ነው የሰጠው። መቶ ጊዜ ብታስገባም ዜሮ ነው። ሌላ ሳህን፣ ሳህኑ ፊት ሆኖ ሲግናሉን የሚቀበል ሌላ ኤልኤንቢና ሁለቱን የሚያገናኝ ስዊች ያስፈልግሃል። ያለውን እንዳታዞረው፣ እናትህ ዜና ያጣሉ። ሰፈርህ የት ነው?

ሳሙኤል፦ ፍራንኮ።

ጋሽ ታዴ፦ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እዚያ ሥራ አለኝ። ቁልፉን እኔ እይዛለሁ፣ መሰላሉን አንተ ፈልግ።