መጀመሪያ ሕንፃ ወይስ መምህር?

ወንድማችን፣ ጉባኤያችሁ የክርስቲያን ትምህርት ቤት ሊከፍት መወሰኑን ገልጸው፣ የተዋጣው ገንዘብ በቅድሚያ ለምን ቢውል እንደሚሻልና በስንት ክፍል መጀመር እንደሚገባ ጠይቀዋል። እኔ በመሥራች ኮሚቴ አባልነት፣ ቀጥሎም ለሰባት ዓመታት በምክትል ርእሰ መምህርነት ካገለገልሁበት ትምህርት ቤት ያየሁትን ላካፍልዎ፤ መልሴ ገንዘቡ አስቀድሞ ለመምህራን ይዋል የሚል ነው።

እኛ ያደረግነው ተቃራኒውን ነበር። ካዋጣነው አብዛኛውን ለግንባታ አውለን፣ ለመምህራኑ ግን «አገልግሎት እኮ ነው» በማለት ሌሎች ትምህርት ቤቶች ከሚከፍሉት በእጅጉ ያነሰ ደመወዝ ቆረጥንላቸው። ሲቀጠሩ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ዓመቱ ሳይጋመስ ግን የሒሳብ መምህሩ ለቀቀ፣ ብዙም ሳይቆይ የአንደኛ ክፍሏ መምህርት ተከተለችው። ቀለሙ ገና ባልደረቀ ክፍል ውስጥ ሦስት መምህራን የተፈራረቁባቸው ሕፃናት በቅጡ ማንበብ ሳይችሉ ወደ ሁለተኛ ክፍል ተዛወሩ፤ ወላጆችም አንድ በአንድ ልጆቻቸውን ማስወጣት ጀመሩ። ሰው የቤት ኪራይ እንደሚከፍልና ልጅ እንደሚያሳድግ እያወቅን ደመወዝ ማሳነስን ከመንፈሳዊነት ጋር ማያያዛችን ዛሬም ያሳፍረኛል።

በኋላ የቀደሙትን ታሪክ ሳነብ ስሕተታችን ይበልጥ ገባኝ። ኦገስት ሄርማን ፍራንከ የተባለው የጀርመን ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1695 በሃሌ ከተማ አጠገብ ለድሆች ልጆች ትምህርት ሲጀምር፣ መነሻው ከምጽዋት ሣጥን የተገኘ 4 ታለር ከ16 ግሮሽን (በዘመኑ የጀርመን ገንዘብ) ነበር፤ በዚያ መጻሕፍት ገዛ፣ የሚያስተምር አንድ ችግረኛ ተማሪም ቀጠረ፣ ልጆቹም በራሱ መኖሪያ ቤት ተማሩ። የትልቁ ሕንፃ መሠረት የተጣለው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በፈረንሳይ የሬምስ ከተማ ካህን የነበረው ዣን ባፕቲስት ደ ላ ሳልም በ1681 መምህራኑን በገዛ ቤቱ አስገብቶ አብሯቸው መኖር የጀመረው ትምህርት ቤቱ የሚቆመው በእነርሱ መሆኑን ስለ ተረዳ ይመስለኛል።

የክፍሎቹን ብዛት በተመለከተ፣ ከመዋዕለ ሕፃናትና ከአንደኛ ክፍል ጀምራችሁ በየዓመቱ አንድ ክፍል ብትጨምሩ ይበጃል። እኛ በአንድ ጊዜ እስከ አራተኛ ክፍል ስንከፍት፣ ወደ ላይኞቹ ክፍሎች ከመጡት ብዙዎቹ በቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ያስቸገሩና ወላጆቻቸው «ቃሉ ያርማቸዋል» ብለው ያመጧቸው ነበሩ። ልጆቹን መቀበላችን አልነበረም ጥፋቱ፤ ጥፋቱ የራሱ ሥርዓት ገና ያልተተከለለት ትምህርት ቤት ያን ያህል ሸክም በአንድ ጊዜ መሸከሙ ነው። ከታች የጀመሩት ግን አራተኛ ክፍል ሲደርሱ የጠዋት ጸሎቱንም ሆነ የክፍሉን ደንብ ለአዲስ ገቢዎች የሚያለማምዱት እነርሱ ሆነው ነበር።

የትምህርት ቤቱ ሒሳብ ከቤተ ክርስቲያኑ ሒሳብ ይለይ፤ ርእሰ መምህሩ ተጠሪነቱ ለቦርዱ ይሁን ወይስ ለሽማግሌዎች፣ ይህም አስቀድሞ በጽሑፍ ይስፈር። ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት የመምህራኑ የአንድ ዓመት ደመወዝ ተቀምጦ ይገኝ። ለቦታው ፈቃድ ሰጪው አካል ከተስማማ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ክፍሎች ለጊዜው ይበቁዎታል፤ ክፍል ሲጠበን እኛም ለአንድ ዓመት ተጠቅመንባቸዋል። የሚቆለፍ ቁም ሣጥን ብቻ አይርሱ፤ ጠመኔያችን ሰኞ ሰኞ አልቆ ይገኝ ነበርና።