ረጅሙን ቃል ከኋላው ጀምሩት

ልጆቼ፣ አብሽሩ።

ያረጀሁት ደሴ ላይ እንግሊዝኛ ሳስተምር ነው። ሰዋስው የሚያውቅ፣ ጽሑፉ የሚያምር ልጅ «ኢንቱዚያስቲክሊ» (enthusiastically) ላይ ሲደርስ ድምፁ ይወርድና አጉረምርሞ ያልፋል። ላሊበላ ላይ እንግዳ ለሚያስጎበኝ፣ ኮምቦልቻ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ለሚቀርብ ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ እዚችው ቃል ላይ ትንሽ እንቆይ።

ቃሉ «በጋለ ስሜት» ማለት ነው። ስፔሊንጉን ላየው 7 ሲላብል፣ ማለትም ቃሉ ሲነገር የሚከፈልባቸው 7 የድምፅ ቁራጮች፣ ያሉት ይመስላል። አፍ ላይ ግን 6 ነው፦ ኢን-ቱ-ዚ-ያስ-ቲክ-ሊ። መጨረሻው «ካሊ» ተብሎ ቢጻፍም የሚነበበው «ክሊ» ነው። «ቤዚካሊ»፣ «ኦቶማቲካሊ» የምትሉም «ቤይሲክሊ»፣ «ኦቶማቲክሊ» በሉ። የ«ኢንቱዚያስቲክሊ» ሁለተኛው ሲላብል ላይ ያለው «ቱ» ደግሞ የእኛ «ቱ» አይደለም፤ የምላስ ጫፍ በጥርስ መሃል ብቅ ብሎ አየር ሲያልፍ የሚወጣ ድምፅ ነው።

ዋናው ነገር ጉልበቱ ነው። እኛ ሲላብሉን ሁሉ እኩል እንረግጣለን። እንግሊዝኛ አንዱን ረግጦ ሌላውን ያቀለዋል። እዚህ የሚረገጠው «ያስ» ነው። በ«ኢክ» የሚያልቅ ቅጽል አብዛኛውን ጊዜ ጉልበቱ ከ«ኢክ» በፊት ያለው ሲላብል ላይ ነው፤ «ሊ» ቢጨመርበትም አይነቃነቅም። «ኢኮኖሚ» ላይ «ኮ» ይጠነክራል፤ «ኢኮኖሚክሊ» ሲሆን ወደ «ኖ» ይሻገራል። በዓለም አቀፉ የድምፅ ምልክት በሚጠቀም ዲክሽነሪ ላይ ከሚረገጠው ሲላብል በፊት ከፍ ያለች ትንሽ ጭረት አለች። ከትርጉሙ በፊት እሷን ፈልጉ እላለሁ እኔ።

ነገሩ ያን ያህል እንግዳ አይደለም። «ይበላል» ብለን ስንጽፍ «በ» ይጥበቅ ይላላ ፊደሉ አይነግረንም። ግን በዪውንና ተበዪውን አናምታታም።

ልምምዱን ከኋላ ጀምሩት። «ሊ»። «ቲክሊ»። «ያስቲክሊ»። «ዚያስቲክሊ»። «ቱዚያስቲክሊ»። ከፊት ስትጀምሩ መሃል ላይ ትንፋሽ ያጥርና መጨረሻው ይዋጣል። ከኋላ ሲሆን ግን ምላሳችሁ ሁሌም ወደለመደው ነው የሚሄደው። ድምፅ አውጡ፤ በልብ ማንበብ ለዚህ አይጠቅምም። ስልካችሁ ላይ ቅዱና ከዲክሽነሪው ድምፅ ጋር አስተያዩት። ፈረንጅ ለመምሰል አይደለም። የወሎ ቃናችሁን ማንም ጣሉት ሊላችሁ አይገባም፤ እኔም አልጣልኩትም።

አፋችሁ ይሄንን ሲለምድ «አንፎርቹነትሊ»ን (unfortunately) ያዙ። 5 ሲላብል ነው። የሚረገጠው ሁለተኛው፣ «ፎር» ነው። «ኔይት» የሚባል ነገር የለበትም።