ፊኛ መንፋት ሙያ ነው ወይ?

ውድ እህቴ፣

በቀዶ ሕክምና ዋርድ አራት ዓመት የሠራሽ ነርስ ነሽ። አሁን ወደ ቃጠሎና ፕላስቲክ ሰርጀሪ ክፍል እናዛውርሽ ብለውሻል፤ ጓደኞችሽ ደግሞ «እዚያ ፊኛ ስትነፊ ልትውዪ ነው?» ብለው ሳቁብሽ።

እሳት ላይ ወድቃ ግማሽ ጭንቅላቷ ጠባሳ የሆነ ልጅ አስቢ። ከጭኗ ቆዳ ቢለጠፍላት ቁስሉ ይሸፈናል እንጂ ፀጉር አይበቅልበትም። ፀጉር የሚያበቅለው ቆዳ ያለው እዚያው ከጠባሳው አጠገብ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ከጤነኛው ቆዳ ሥር የሲሊኮን ፊኛ ይቀብራል፤ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ቁስሉ ጠገግ ሲል በየሳምንቱ ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) በመርፌ ይጨመርበታል። ቆዳው እንደ እርጉዝ ሆድ ይሰፋል። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ፊኛው ይወጣና የሰፋው ቆዳ በጠባሳው ቦታ ይሳባል። ኒው ዮርክ ውስጥ ሐኪሙ ቻርለስ ኑማን በ1957 እ.ኤ.አ. ለጆሮ ጥገና የሞከረው ይህንኑ ዘዴ ነው፤ የተስፋፋው ግን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ራዶቫን የተባለ ሐኪም የሲሊኮኑን ፊኛ ካመጣው ወዲህ ነው።

እንግዲህ ቁጠሪ፤ ኦፕሬሽን ያለው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ፊኛው ሲቀበርና ሲወጣ። በመሐል ያሉት ሳምንታት ብዙ ቦታ በሠለጠነች ነርስ እጅ ናቸው። ሳላይኑን ስትገፊ ዓይንሽ ከሲሪንጁ ይልቅ ቆዳው ላይ ይሁን። ከነጣ በአውራ ጣትሽ ጫን አድርገሽ ልቀቂው፤ ቀለሙ ቶሎ ካልተመለሰ ወይም ልጅቷን ካመማት፣ ከጨመርሽው ጥቂት መልሰሽ ሳቢ። በጥድፊያ ቆዳው ከሳሳና ፊኛው ብቅ ካለ የወራት ልፋት ገደል ገባ።

እኔን ብትጠይቂኝ ከመርፌው ይልቅ የሚከብደው እናትየዋን በየሳምንቱ ማስመለሱ ነው። ልጇ ጭንቅላት ላይ ሎሚ ያክል የነበረው እብጠት ብርቱካን ሲያክል፣ ታክሲ ውስጥም ሰው ሲያፈጥባቸው፣ «አውጡልኝ» ትላለች። ያን ጊዜ አብሯት የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል።

ስለ ደመወዝም ጠይቀሻል። ዓላማሽ ቶሎ ውጭ መውጣት ከሆነ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ይሻልሻል ባይ ነኝ። እዚህ የምትቆዪ ከሆነ ግን ከመፈረምሽ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ሁለቱንም ኦፕሬሽን ገብቼ ማየት እችላለሁ? የሚሞላውን መጠን ማን ይመዘግባል? «ማንም» ካሉሽ ደብተሩን አንቺ ጀምሪው፤ ቀን፣ ሚሊ ሊትር፣ የቆዳው ቀለም፣ ሕመም። የታካሚ ስም አይግባበት። ለማስተርስ ስታመለክቺ ስለ ሥራሽ የምታወሪው ከዚያ ደብተር ነው።

መልስ የሚፈልጉት ዓርብ ነው ብለሻል። ሐሙስ ዱቲ ከሌለሽ ክፍሉ ሄደሽ አንድ ፊኛ ሲሞላ ቆመሽ እዪ።