በግላይደር መብረር ያስፈራል ወይ? ብረሪ፣ ግን ረጅሙን በረራ ያዢ

ሰላም እህቴ። ኒውዚላንድ ስትሄጂ በግላይደር (ሞተር በሌለው ቀላል አውሮፕላን) በተራሮቹና በበረዶ ግግሮቹ ላይ መብረር እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። ሞተር የለውም መባሉ አስፈርቶሻል፣ ሆድሽም ቶሎ ይረበሻል። እኔ ኦማራማ በምትባል የኒውዚላንድ ትንሽ ከተማ ላይ በርሬያለሁ፣ ከዚያ የማውቀውን ልንገርሽ። ባጭሩ፣ ብረሪ። ግን አጭሩን በረራ ትተሽ ረጅሙን ያዢ።

መጀመሪያ ፍርሃቱን እንጨርሰው። ሞተር የለውም ማለት እንደ ድንጋይ ይወርዳል ማለት አይደለም። ጥሩ ባለሁለት መቀመጫ ግላይደር አየሩ ጸጥ ካለ፣ አንድ ኪሎሜትር ዝቅ እስኪል ድረስ 40 ኪሎሜትር ያህል ወደፊት ይንሳፈፋል። አብራሪውም የትኛው ሜዳ ላይ ማረፍ እንደሚችል በየደቂቃው እያሰላ ነው የሚበረው። አንቺ ከፊት ትቀመጫለሽ፣ እሱ ከኋላሽ ይሆናል። ፊትሽ ላይ መስታወት ብቻ ነው፣ እይታሽን የሚከልል ነገር የለም።

ስትነሱ አንድ ትንሽ አውሮፕላን በገመድ ይጎትታችኋል። ለብዙ ሰው ከባዱ ይሄ ነው፤ ዝቅ ያለው አየር ስለሚረበሽ መንገጫገጭ አለው። ከመሬት 600 ሜትር ገደማ ከፍ ስትሉ አብራሪው ገመዱን ይለቀዋል። ጠንከር ያለ ድምፅ ትሰሚያለሽ፣ እንዳትደነግጪ። ከዚያ በኋላ የሚሰማሽ የነፋሱ ፉጨትና ቫርዮሜትር የሚባለው መሣሪያ ነው። ወደ ላይ ስትወጡ ቢፕ ቢፕ ይላል፣ አወጣጣችሁ ሲፈጥን እሱም ይፈጥናል። ትንሽ ቆይተሽ አንቺም ጆሮሽን እሱ ላይ ጥለሽ ትጠብቂያለሽ።

አሁን ዋናው ነገር። በረዶ ግግሩን ማየት ከፈለግሽ ርቀቱን እወቂ። ከኦማራማ እስከ አኦራኪ (3,724 ሜትር ነው፣ የአገሩ ትልቁ ተራራ) በቀጥታ መስመር 100 ኪሎሜትር ገደማ ነው። በግማሽ ሰዓት በረራ አይደረስም፤ በቅርብ ያሉትን ተራሮች ዞረሽ ትመለሻለሽ። እሱም ያምራል፣ ግን አንቺ የጠየቅሽው እሱን አይደለም። ረጅሙን ብትይዢም አየሩ ካልፈቀደ አብራሪው ወደዚያ አይወስድሽም፣ ልክም ነው። ስለዚህ ለበረራው አንድ ቀን ብቻ አትመድቢ። ሁለት ሦስት ቀን አካባቢው ላይ ቆይና ጠዋት ጠዋት እየደወልሽ ጠይቂ።

ለምን መሰለሽ? ግላይደሩ ከፍ የሚለው አየሩ ከፍ ሲል ነው። ፀሐይ ያሞቀችው ገደል ሙቅ አየር ወደ ላይ ይልካል፤ አገሩ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ስለሆነ ብዙ ፀሐይ የሚያገኘው ወደ ሰሜን የዞረው ተዳፋት ነው፣ አብራሪው እዚያ ተጠግቶ ሲሄድ ታያለሽ። በረዶው ራሱ ግን አየሩን ያቀዘቅዘዋል፣ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ ከግግሩ በላይ ለማለፍ አስቀድሞ ከፍታ ማጠራቀም የግድ ነው። ሌላው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ሲነፍስ የሚፈጠረው ሞገድ ነው። ነፋሱ ተራራውን ተሻግሮ ከወዲያ በኩል ከፍ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ምልክቱ ነፋስ እያለ ቦታውን የማይለቅ፣ ለስላሳ ሞላላ ደመና ነው። በፈረንጆቹ 2018 ፔርላን 2 የተባለ ግላይደር አርጀንቲና ውስጥ ከ23,000 ሜትር በላይ የወጣው በዚህ ዓይነት የተራራ ሞገድ ነው፣ ያውም ያለ ሞተር! እኔ ይህን ሳስብ እስካሁን ይገርመኛል።

አኦራኪ አጠገብ ያለው ታዝማን የተባለው የበረዶ ግግር ላይ ከደረሳችሁ ሙሉ ነጭ ነገር አትጠብቂ። የታችኛው ክፍል በድንጋይ ፍርስራሽ ተሸፍኖ ግራጫ ነው፣ ነጩ ከላይ ነው። ከጫፉ የተኛውን ሐይቅ ልብ ብለሽ እይው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጀመሪያ ያ ሐይቅ አልነበረም፤ በረዶው እየቀለጠ ወደኋላ ሲሸሽ የተወው ነው። ከላይ ሆነሽ በአንድ እይታ ስታዪው ያሳዝናል። ዝቅ ብሎ ያለው የፑካኪ ሐይቅ ደግሞ ያ የሚያምር ሰማያዊ መልኩ የመጣው ግግሩ ፈጭቶ ካወረደው የድንጋይ ዱቄት ነው።

ስለ ሆድሽ፦ የሚያስቸግረው ከፍ ለማለት ሙቅ አየር ውስጥ ገብቶ በክብ መዞሩ ነው። ሞገዱ ውስጥ ስትገቡ ግን አውሮፕላኑ የቆመ እስኪመስልሽ ድረስ ጸጥ ይላል። ባዶ ሆድሽን አትሂጂ፣ ከልክ በላይ ጠግበሽም አትሂጂ። በሚዞርበት ጊዜ ስልክሽን አስቀምጪና ሩቁን እዪ። ማቅለሽለሽ ሲጀምርሽ ወዲያው ለአብራሪው ንገሪው፣ አትፈሪ፣ ክንፉን አቅንቶ ቀጥ ብሎ ይበርልሻል። ዝም ብሎ መታገል ነው ነገሩን የሚያባብሰው።

ልብስ ላይ ጥቁር ወይም ደብዛዛ ቀለም ይሻላል፤ ነጭ ልብስ መስታወቱ ላይ ያንጸባርቅና ፎቶሽን ያበላሻል። ባርኔጣው ለስላሳና ሰፊ ከለላ የሌለው ይሁን፣ ለእግርሽ ወፍራም ካልሲ ያዢ። ወራቱን ከመረጥሽ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ሂጂ፣ የእነሱ በጋ ነው። ክብደትሽን ሲጠይቁሽም ትክክለኛውን ንገሪያቸው፣ የአውሮፕላኑን ሚዛን የሚያሰሉት በሱ ነው።